አንድ ዳርቻ ያዙ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ጣና ሐይቅ ዳር አልጠፋም። የሩቅ ማያ መነጽር ባንገቴ አንጠልጥዬ ስለሚያዩኝ ጠጋ ብለው የሚያወሩኝ ወጣቶች በዝተዋል። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሌላው አስጎብኚ ለመሆን ያሰበ፣ አንዷ ደግሞ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ እያሳየች «ጋሼ፣ ይቺ ምን ትባላለች?» የምትል። ወሬው ግን ዞሮ ዞሮ ሁለት ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ የት ብሄድ ብዙ ዓይነት ወፍ አያለሁ? እርስዎስ ስንት ዓይነት አይተዋል?

ለመጀመሪያው የምሰጠው መልስ ብዙ ሰው አይጥመውም። የትም አትሂዱ። ከቤታችሁ በእግር የሚደረስ አንድ ዳርቻ ያዙና ዓመቱን ሙሉ እሱው ላይ ተመላለሱ። ሁለተኛውን ጥያቄ ባታነሱት ይሻላል። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ ግማሹን አየሁ ብሎ የሚፎክር ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ሰኔ ላይ ጣና ዳር ምን እንደሚገኝ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። በሰኔ መጥቶ አያውቅማ!

እኔ የወፍ ምሁር አይደለሁም። ሥራዬ የውሃ ልኬት ነበር። ዳር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ውሃው ውስጥ ይተከላል፤ ጠዋትና ማታ እየሄዱ ውሃው የቱ ቁጥር ላይ እንደደረሰ አንብቦ መመዝገብ ነው፤ እንጀራዬ ይኸው ነበር። ዘንጉ ባለበት ወፍ አይጠፋም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዘንጉ አናት ላይ ያርፋል። እኔም የማየውን በመዝገቡ ጠርዝ መጫጫር ጀመርኩ። በጊዜው የነበረ አንድ አለቃ «ይሄ የውሃ መዝገብ ነው የዶሮ እርባታ?» ብሎ ሲያሾፍብኝ ለወፎቹ የራሳቸውን ደብተር ገዛሁላቸው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ ግን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይነበብ ገባኝ። ጣና ላይ የወፍ ወቅት የምንለው ነገር ግማሹ የውሃ ወቅት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሳል፤ ከዚያ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘጌ ላይ፣ ዳሩ ድንጋይና ቁልቁለት በሆነበት፣ ይህ ለውጥ ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ውሃው አንድ ስንዝር ሲወርድ ዓይን እስኪታክት ድረስ ጭቃ ይገለጣል። ጭቃው ውስጥ ትል አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ የነፍሳት እጭ አለ። ከሩሲያና ከሳይቤሪያ ድረስ እየበረሩ የሚመጡት ረጃጅም እግር ወፎች ለዚህ ጭቃ ነው የሚደክሙት። ዛሬ ሲለቅሙ ያያችሁበት ቦታ ከሳምንት በኋላ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ይጠብቃችኋል፤ እነሱ ከውሃው ጠርዝ ጋር አብረው ወርደዋል። «ባለፈው እዚህ ነበሩ፣ ዛሬ የሉም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ውሃውን ያላየ ሰው ነው።

በክረምቱ ልጀምር፤ ክረምት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ነውና። አስጎብኚዎችም «ሲዝን አይደለም» ይላሉ። ለቱሪስት እውነት ይሆናል፤ ለወፍ ግን ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደፍርሰው ሲገቡ የዳሩ ሣርና ደንገል ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ያኔ ሸማኔ ወፎች ከውሃው በላይ በተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ላይ ይሰፍራሉ። የሚሸምነው ወንዱ ነው። አረንጓዴ የሣር ቅጠል በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣል፣ ቅርንጫፉ ላይ ይቋጥረዋል፣ በመጀመሪያ አንድ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ በፊቱ ክፍሉን፣ ከዚያ መግቢያውን ይቀጥላል። ሲጨርስ አፉ ወደ ታች በሆነው ጎጆ ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ሣሩ ደርቆ ቡናማ እስኪሆን የገባችበት ከሌለ ያን ሁሉ ልፋት ራሱ ያፈርስና በአዲስ ሣር እንደገና ይጀምራል። ይህን ለማየት ጀልባ መከራየት አያስፈልግም፤ ከተማው ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለ ዛፍ ሥር ጃንጥላ ይዞ መቆም ይበቃል።

የመስቀል ወፍንም እዚሁ ላንሳ። የጠፋ ወዳጅ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ነው ብቅ የምትለው» እንለዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በመስከረም ጭራው ረዝሞ፣ ጥቁሩን በነጭ ወይም በቀይ አስጊጦ አደይ አበባው ላይ ሲወረወር የምናየው ወንዱ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ያን ላባ ያራግፍና ከሴቶቹ ጋር ተመሳስሎ ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ወፍ ይሆናል፤ በጋውን ሙሉ አጥራችን ላይ ተቀምጦ ማንም ልብ አይለውም። ያላመነኝ ክረምቱ መግቢያ ላይ ይመልከት፤ ገላው ዝንጉርጉር ሆኖ፣ ጭራው እኩሌታ ድረስ አድጎ ያገኘዋል። መነጽር እንኳ አያስፈልግም። እዚያው አጥር ጋ በየሳምንቱ መሄድ ነው።

እንግዶቹ ወፎች መግባት የሚጀምሩት ሰው ሳይጠብቃቸው ነው። ገና ዝናቡ ሳያባራ፣ ነሐሴ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ የጭቃ ወፎች ዳሩ ላይ ይታያሉ። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲጠነክር ዋግቴይል የምትባለው ጭራዋን የምትወዘውዝ ቢጫ ወፍ በብዛት ትገባለች። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። እሷን ለማየት የፎገራ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ቁጭ በሉ። ላሟ እግሯን ስታነሳ ከሣሩ ውስጥ ነፍሳት ብድግ ይላሉ፤ ወፏ ሰኮናው ከመሬት ሳይላቀቅ እዚያው ሥር ናት፣ ሮጣ ትለቅምና ለሚቀጥለው እርምጃ ትዘጋጃለች። ነጩ ሳቢሳም ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን ትልቅና ዘገምተኛ ስለሆነ ትርኢቱ ያን ያህል አይደለም። በመስከረም የደበዘዘው የዋግቴይል ቢጫ መጋቢት ላይ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ትመጣላችሁ፣ ሜዳው ላይ አንዷም የለችም። አገሯ ገብታለች።

ከእንግዶቹ ሁሉ እኔን አስሮ የሚያስቀምጠኝ ግን ክሬን የሚባለው አንገተ ረጅም፣ እግረ ረጅም ትልቅ ወፍ ነው። ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ግራጫዎቹ ክሬኖች ከሰሜን በሺዎች ይመጣሉ፤ ፎገራ ውስጥ ያሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ዋና ማረፊያቸው ናቸው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጅብም ሆነ ቀበሮ ሳያንቦጫርቅ ሊደርስባቸው አይችልም። ጎህ ሲቀድ ጩኸቱ ይጀምራል። ገና ምንም ሳይታያችሁ ድምፁ ይሰማችኋል። ከዚያ በረድፍ በረድፍ ተነስተው ወደ ታጨደው ማሳ ይሄዳሉ፤ የረገፈ ሩዝና ጤፍ ይለቅማሉ፣ ሽምብራ ያለበት ካገኙም አይምሩም። ገበሬው ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ማሳው ላይ ቢያቆም አትፍረዱበት። ወፍ አፍቃሪ ነኝ ብሎ ከከተማ መጥቶ የገበሬን ልጅ የሚቆጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሽምብራው የማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ከእነሱ መሐል የአገሬው ክሬኖች አሉ። ጥቁሩ ዘውዳም ክሬን ራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን አለው፤ ከሌሎቹ ክሬኖች በተለየ የኋላ ጣቱ ረዘም ስለሚል ዛፍ ላይ ጨብጦ ማደር ይችላል። በዝናቡ ወራት ረግረጉ ውስጥ ይፈለፍላል፤ እንግዶቹ ሲመጡ እሱ ጫጩት አሳድጎ ጨርሷል። ከአንገቱ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበትና ከአፍሪካ ክሬኖች ትልቁ የሆነውም አልፎ አልፎ ይታያል። ሁለቱም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ጥርን እዚያ የሚውል ሰው ሦስቱን ዓይነት ክሬን በአንድ ሜዳ ላይ የማየት ዕድል አለው። ዓለም ላይ ይህን የሚሰጡ ቦታዎች ብዙ አይደሉም፤ እኛ ግን በወረታ መንገድ በሚኒባስ እናልፈዋለን።

ረግረጎቹ ግን እየጠበቡ ነው። ሩዝ ፎገራን ከያዘ ወዲህ፣ በበጋም በፓምፕ እየሳቡ ሽንኩርት ማልማት ከተለመደ በኋላ፣ ውሃው ከመሄጃው ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። ገበሬው ይብላ አይብላ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ይብላ። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ረግረጉ ዘንድሮ በየትኛው ወር እንደደረቀ የጻፈ ሰው ከሌለ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ክሬኖቹ ለምን ቀነሱ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም የየራሱን ግምት ያወራል።

የሐይቁ ከፍታም ቢሆን ከዝናብና ከፀሐይ በላይ የሚያዝበት አለው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ በ1988 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቷል፤ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በምዕራብ በኩል በዋሻ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም ተጨምሮበት ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ መርከብ መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ደርሶ ነበር። በተቃራኒው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ደንቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። እነዚህን ዓመታት ሳይለይ «ድሮ ብዙ ነበሩ፣ አሁን ጠፉ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ የትኛው ድሮ ብላችሁ ጠይቁት።

መጋቢትና ሚያዝያ የስንብት ወር ነው፤ ብዙ አልልበትም። ግንቦት ግን ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ላለው ትልቅ የውሃ ወፍ፣ ለፔሊካን ነው። ውሃው ዝቅ ብሎ ዓሣው በሚጠጋበት ጊዜ በቡድን ሆነው ከፊል ክብ ይሠሩና ዓሣውን ወደ ዳር እየነዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ይደፍቃሉ። ሰነፎቹ ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ የሚያጸዱበት ቦታ አጠገብ ከአባ ኮዳው ጋር ተሰልፈው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ለፎቶ የምትቸኩሉ ሁሉ የምታነሱት የእነዚህን የሰነፎቹን ነው፤ አይከፋም፤ ግን ማደኑን ካላያችሁ ፔሊካን አየሁ አትበሉ።

ስለ እምቦጭ፣ ስለ ውሃው አረም፣ ሳልጽፍ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ታይቶ ከዚያ ተስፋፋ። ለዓሣ አስጋሪው፣ ለታንኳውና ከብቱን ውሃ ለሚያጠጣው መከራ ነው፤ ጠልቆ ለሚያድነው ወፍም ውሃውን ይዘጋበታል። ነገር ግን ያየሁትን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ፤ ዣካና የምትባለው ወፍ እምቦጩ ላይ ቤቷን ሠርታለች። ጣቶቿ ከገላዋ ጋር ሲተያዩ የተጋነኑ ናቸው፣ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ክብደቷን በትነውላት ሳትሰጥም ትራመዳለች። ከሁሉ የሚገርመው አባትየው ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላለት ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም እሱ ነው። ጭላት ሲያንዣብብ ጎንበስ ይልና ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ይሸጉጣል፤ ብድግ ሲል ከሆዱ ግራና ቀኝ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ታያላችሁ። መጀመሪያ ያየ ሰው ወፉ ስምንት እግር ያለው ይመስለዋል። እንግዲህ እምቦጩ ይነቀል፣ እኔም ሲነቀል ደስ ይለኛል፤ ከመነቀሉ በፊት ግን ጎጆ እንዳለበት ማየት የሰው ወግ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። መነጽር ስትገዙ ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ 8×42 ከሆነ ስምንቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ «ይሄ ሃያ እጥፍ ነው» ቢላችሁ አትታለሉ፤ ባቀረበ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያበዛዋል። ገንዘብ ከሌለ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ግዙ። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይደበዝዛል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ያያችሁትን ጻፉ። ከዚያ ሰው የማይጽፋቸውን ሁለት ነገሮች ጨምሩ። አንደኛው ውሃው የት እንደደረሰ ነው፦ ዳርቻችሁ ላይ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም የግንብ ደረጃ መርጣችሁ ምልክት አድርጉ፣ በእሱ ለኩ። ሁለተኛው ያጣችሁት ነው። «ዛሬ ዋግቴይል የለም» የሚለው መስመር፣ ስትጽፉት ባዶ ይመስላል፤ መች እንደሄደች የሚነግራችሁ ግን እሱ ብቻ ነው። ስማርት ስልክ ያላችሁ ኢበርድ በሚባለው መተግበሪያ ብታስገቡት ሌላውም ይጠቀምበታል፤ ደብተሩን ግን አትጣሉ፤ ስልክ ይሰረቃል።

የማታውቁት ወፍ ሲያጋጥማችሁ ወዲያው ስም አትፈልጉ። መጀመሪያ መጠኑን ከምታውቁት ጋር አወዳድሩ፣ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከእርግብ ያንሳል? ከዚያ ምንቃሩን፣ የእግሩን ቀለም፣ ምን እያደረገ እንደነበረ። ከላባው ቀለም ይልቅ ሥራው ያጋልጠዋል፤ ውሃ ላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ድንገት እንደ ድንጋይ የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ወፍ ዓሣ አጥማጁ ኪንግፊሸር መሆኑን ከሩቅ ታውቃላችሁ።

ሰውን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። መነጽር የያዘ ሰው ያስፈራል። ድልድይ፣ ካምፕና ጥበቃ ወዳለበት በፍጹም አታነጣጥሩ፤ ሰዎች ገላ በሚታጠቡበት ወይም ልብስ በሚያጥቡበት በኩልም መነጽራችሁን አውርዱ። ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ምን እንደምታዩ ንገሩ፣ ልጆቹንም አሳዩአቸው። ጊዜው መንገድ በማያስወጣበት ወቅት ከተማው ዳር ያለው ይበቃችኋል። አባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽና ሲነጋ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ በእሱና በውሃው መሐል አትቁሙ። ባዶ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ ቀልድ አያውቅም፤ ቦቲ አድርጉ። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ዛፉ የተረፈው መነኮሳቱ ስለጠበቁት ነው፤ የዘጌን ጫካ በቀቀንና በርግብ የሞላው እነሱ ያልቆረጡት ዛፍ ነው፤ ስለዚህ እንደ ደንባቸው ግቡ፣ የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ አትረብሹ።

ጥር ላይ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፣ በአገራችንም እንዲሁ። መቁጠር የሚችል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። መንጋ መቁጠር ልምምድ ነው፤ አሥሩን ቆጥራችሁ ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ በዚያ መጠን መንጋውን ለኩት። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ በእርግብ መንጋ ተለማመዱ።

«ሥራ ይሆናል ወይ?» ለምትሉኝ፣ ብቻውን ሆድ አይሞላም፤ እንግዳ ሲጠፋ ዓመቱን ሙሉ ይጠፋል። ነገር ግን ገዳም ብቻ የሚያሳይ ባለ ጀልባ ባሕር ዳር ውስጥ ሞልቷል። የትኛው ወፍ በየትኛው ወር የት ቦታ እንዳለ ከደብተሩ ገልጦ የሚናገር ግን የለም ማለት ይቻላል። የወፍ እንግዳ ለዚያ ይከፍላል፣ ሰዓት አክብራችሁ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተገኛችሁ። ለመጀመር የሚያስተምራችሁ ሰው ካጣችሁ ታንኳ የሚቀዝፉትን የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ደንገል ሲያጭዱ ጎጆው የት የት እንዳለ ያውቃሉ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ሻይ ጋብዟቸው። እኔን የምትፈልጉኝ ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ዳሩ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ስለማይመቸኝ ቤቴ ነኝ።